ማር በሜትር አይሸጥም፦ የጃንጎ ቴምፕሌት በአንዲት የደሴ ጀማሪ ዓይን

«አንቺ ልጅ፣ ማር በሜትር መሸጥ የጀመርኩት መቼ ነው?»

አክስቴ ናት። ስልኬን ተቀብላ የሱቋን ገጽ እያየች ነው። እውነቷን ነው። ገጹ «ንጹህ የወሎ ማር፣ በሜትር» ይላል። ከሥሩ «ጀበና፣ በሜትር»። ካባውም በሜትር፣ የብር መስቀሉም በሜትር። ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ ያስገባሁት ዕቃ ጨርቅ ነበር፣ ጨርቅ በሜትር ይሸጣል፣ እኔም ቃሉን ቴምፕሌቱ ላይ በእጄ ጽፌ ረሳሁት። ቴምፕሌት ማለት ደግሞ ማኅተም ነው። አንዴ ከቀረጽከው የመጣለትን ሁሉ እኩል ይመታል።

ይህን የምጽፈው ጃንጎን፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ የሚሠራበትን መሣሪያ፣ ለመገምገም ነው። ሙሉ ጃንጎን አይደለም፣ እሱን ለመገምገም ገና ብዙ ይቀረኛል። ቴምፕሌት የሚባለውን፣ ዳታውን ከኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ ከሚጻፍበት ቋንቋ) ጋር አገናኝቶ ገጽ የሚያወጣውን ክፍል ብቻ። ፓይተን ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ስለዚህ ባለሙያዎች እዚህ ለመሳቅ፣ ጀማሪዎች ደግሞ እኔ የወደቅኩበት ላይ ላለመውደቅ ብታነቡት ይበቃኛል።

የአክስቴ ሱቅ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ጠባብ ናት፣ ግን ያልገባባት ነገር የለም። ጥበብ በሜትር። ጋቢና ነጠላ በቁጥር። ሽርጥ በቁጥር፣ ግን ሰባት ዓይነት ቀለም አለው። ማር በኪሎ። የብር ጌጥ በግራም፣ ያውም 4.5 ግራም፣ 11.25 ግራም እየተባለ። ጀበናና ሲኒ። ካባ ደግሞ አይሸጥም፣ በቀን ይከራያል፣ ሲከራይም የሚመለስበት ቀን መጻፍ አለበት። አንዳንዱ ዕቃ ዋጋ የለውም። «ዋጋው ስንት ነው ብዬ ልጻፍ?» ስላት «ሰው አይቼ ነዋ» አለችኝ። ይህንን ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት እንደማስገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ (ስሙ ይቅርና እዚሁ ደሴ ያለ ነው) ያስተማሩን ምሳሌ ሁሌም አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ውጤት። ሠላሳ ተማሪ፣ ሠላሳ መስመር፣ ሁሉም እኩል። አስተማሪያችን በፎር ሉፕ (እየደጋገመ በሚያወጣ ትእዛዝ) ሰንጠረዥ አውጥቶ «በቃ፣ ቴምፕሌት ይኼው ነው» ብሎ ሄደ። የእውነት ሱቅ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ዕቃ ቀለም አለው፣ ሌላው የለውም። አንዱ ፎቶ አለው፣ የሌላው ፎቶ ገና በአክስቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። ከፍዬ የተማርኩት እኩል ለሆነ ዳታ ነው፣ ያገኘሁት ደግሞ ጉራማይሌ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ኢፍ። ዕቃው ጨርቅ ከሆነ በሜትር በል፣ ኤልኢፍ ማር ከሆነ በኪሎ በል፣ ኤልኢፍ ጌጥ ከሆነ በግራም። ከዚያ ጨርቁ ውስጥ ሌላ ኢፍ፣ ቀለም ካለው። ማሩ ውስጥ ሌላ ኢፍ። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው እንደ ሐረጎ መንገድ ሆነ፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ፣ የቱ ኢፍ የት እንደተዘጋ እኔም ጠፋኝ።

በዚህ መሀል አንድ ሙሉ ማታ የበላችብኝን ነገር ልንገራችሁ። ጃንጎ ቴምፕሌት ውስጥ ሁለት ነገር ስታነጻጽሩ «እኩል ይሆናል» ከሚለው ምልክት (==) ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ፓይተን ላይ ብታጣብቁት ግድ የለውም። እዚህ ግን ካጣበቃችሁት «ቀሪውን መተንተን አልቻልኩም» የሚል ስህተት ይመጣል። የቱን ቀሪ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ቦታ ፈለግኩ። ሌላም አለ። አንድ ታግ (በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የሚጻፍ የቴምፕሌት ትእዛዝ) ሁለት መስመር ላይ መከፈል አይችልም። የኮድ ማረሚያዬ ረጅም መስመር ሲያይ በራሱ ወደ ታች ይሰብራል፣ ጃንጎ ደግሞ የተሰበረውን ታግ እንደ ተራ ጽሑፍ ያየዋል፣ ስለዚህ ገጹ ላይ ከነጥምዝ ቅንፉ ቁጭ አለ። አክስቴ «ይኼ ምን የሚሉት ጽሕፈት ነው?» አለች። ጂን የጻፈው መስሏት ነበር።

ለምንድን ነው እንዲህ ቆንቋና የሆነው ብዬ ታሪኩን አነበብኩ። ጃንጎ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2003፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ በምትባል ከተማ፣ ኤድሪያን ሆሎቫቲ እና ሳይመን ዊሊሰን የከተማው ጋዜጣ ውስጥ ሲሠሩ ጀመሩት። በ2005 ለሁሉም ተለቀቀ። ስሙ የጊታር ተጫዋቹ የጃንጎ ራይንሃርት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው «ዲ» አትነበብም። የአሠራር ፍልስፍናቸውን በዶክዩመንቱ ላይ በግልጽ አስቀምጠውታል፦ ስሌትና አቀራረብ ይለያዩ፣ ቴምፕሌቱም ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ አይሁን። ለዚያ ነው ቴምፕሌቱ ውስጥ ማባዛት የማይቻለው። ለዚያ ነው ፈንክሽን ጠርታችሁ በቅንፍ ውስጥ ግብአት መስጠት የማትችሉት። አልቻሉም ማለት አይደለም፣ ሆን ብለው ከለከሉ።

መጀመሪያ ይህ አናደደኝ። ሦስት ሜትር ጨርቅ በዋጋው ማባዛት እንኳ? አሁን ግን ገባኝ። ወጥ የሚሠራው ጓዳ ነው፣ ሳሎን ላይ ምድጃ አይጣድም። ቪው የሚባለው የፓይተን ክፍል ጓዳው ነው፣ ቴምፕሌቱ ትሪው ነው። እኔ ትሪው ላይ ሽንኩርት ልከትፍ ስታገል ነበር።

ይህ ከገባኝ በኋላ ሁሉንም አፈረስኩት። እያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ራሱ ሞዴሉ (ዳታው የሚገለጽበት የፓይተን ክፍል) ላይ «መለኪያዬ ይህ ነው»፣ «ዋጋዬ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ» ብሎ የሚመልስ ትንሽ ሜተድ ሰጠሁት። ማሩ «በኪሎ» ይላል፣ ካባው «ለአንድ ቀን» ይላል፣ ዋጋ የሌለው «ሱቅ መጥተው ይነጋገሩ» ይላል። ቴምፕሌቱ ነጥብ አድርጎ ስሙን ይጠራል፣ አለቀ። ይህች ነጥብ በጣም ጎበዝ ናት። ዲክሽነሪ (በቁልፍ የሚፈለግ ዝርዝር) ይሁን፣ ኦብጀክት ይሁን፣ ሊስት ይሁን አትጠይቃችሁም። መጀመሪያ እንደ ዲክሽነሪ ቁልፍ ትሞክራለች፣ ካልሆነ እንደ ኦብጀክት ባሕርይ፣ ካልሆነ እንደ ሊስት ቁጥር። ያገኘችው ነገር የሚጠራ ሜተድ ከሆነም ያለ ቅንፍ ራሷ ትጠራዋለች። ለጉራማይሌ ዳታ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ዳታው ከየትም ይምጣ፣ ገጹ ላይ አጻጻፉ አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን አትችልም። ቁልፉ ራሱ ቫሪያብል (ሌላ ነገር የያዘ ስም) ከሆነ። ለምሳሌ የቀለም ስም በሉፕ ይዛችሁ በዚያ ስም ዲክሽነሪ ውስጥ ያለውን ብዛት ልታወጡ ብትሉ፣ ነጥቧ «ቀለም» የሚለውን ቃል ራሱን ትፈልጋለች እንጂ ውስጡ ያለውን «አረንጓዴ» አትፈልግም። ለዚህ የራሳችሁን ፊልተር (የተሰጠውን ቀይሮ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ) መጻፍ፣ ወይም ቁልፉንና ብዛቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ከቪው መላክ ነው። ሁለተኛውን መረጥኩ። ጓዳ ጨርሶ መምጣት ይሻላል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ኢንክሉድ ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ ዶክዩመንቱ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ኢንክሉድ ሌላ ትንሽ ቴምፕሌት ጠርቶ እዚያ ቦታ ላይ ያስገባል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት ግን የፋይሉ ስም ቫሪያብል መሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ ለጨርቅ አንድ ካርድ፣ ለማር አንድ ካርድ፣ ለጌጥ አንድ ካርድ፣ ለካባ አንድ ካርድ ሠራሁ፣ እያንዳንዳቸው አሥር አሥራ አምስት መስመር። ዕቃው ራሱ የትኛው ካርድ የእሱ እንደሆነ ይናገራል። ዋናው ገጽ ፎር፣ ኢንክሉድ፣ የፎር መዝጊያ ሆኖ ቀረ። ሦስት መስመር! ያ ሁሉ የሐረጎ ጥምዝ ቀጥ አለ። ከዚህም በላይ የስሞች ዝርዝር ብትሰጡት መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ «ተራ ካርድ» አስቀመጥኩ። አክስቴ በማግስቱ ረከቦት ስታመጣ፣ የረከቦት ካርድ ስላልነበረ በተራው ካርድ ወጣ። ምንም አልፈረሰም። ያን ቀን ኩራቴ ከጦሳ ተራራ በላይ ነበር።

አሁን ወደ ወቀሳው።

ትልቁ ችግሩ ዝምታው ነው። የሌለ ነገር ስትጠሩ ጃንጎ አይጮህም። ባዶ ያደርገዋል። የዋጋውን ስም አንድ ፊደል ገድፌ ጽፌ ነበር፣ ገጹ ላይ ቀኑን ሙሉ «ብር» ብቻ ይል ነበር፣ ቁጥር የለም። ጋቢ፣ ብር። ማር፣ ብር። አንድ ደንበኛ ደውሎ «ስንት ብር?» ብሎ ነው የነቃሁት። ለጀማሪ ይህ መጥፎ ነው፣ ምክንያቱም ጀማሪ የሚሳሳተው ስም ላይ ነው። ስህተት ሲመጣ ቢጫው ገጽ ደስ ይላል፣ የት መስመር ላይ እንደሆነ፣ ፋይል ካጣም የትና የት እንደፈለገ ዘርዝሮ ይነግራችኋል። ዝምታው ግን ምንም አይነግራችሁም። መድኃኒት አለው። ሴቲንግ ውስጥ፣ ቫሪያብል ሲጠፋ በባዶው ቦታ ሌላ ጽሑፍ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። እኔ «እዚህ ጠፍቷል!!!» አልኩት። ግን ለመለማመጃ ብቻ ነው፣ ዶክዩመንቱም ሁልጊዜ ክፍት አድርጋችሁ እንዳትተዉት ያስጠነቅቃል፣ አንዳንድ ገጾችን ያበላሻል።

ቀጥሎ ዲፎልት የሚባለው ፊልተር። ዋጋ ከሌለ «አልተገለጸም» በል ብላችሁ ታዙታላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ዜሮንም እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጋቢው አልቆ የቀረው ብዛት 0 ሲሆን ገጹ «አልተገለጸም» አለ። ሰው ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተነስቶ ጋቢ ሊገዛ መጣ፣ ጋቢ የለም። አክስቴ ቡና አፍልታ ሸኘችው፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ ነው የሄደው፣ እኔ ግን ከጓዳ አልወጣሁም። ለዚህ ሌላ ፊልተር አለ፣ ዲፎልት ኢፍ ነን ይባላል፣ ነን (በፓይተን «ምንም የለም» ማለት ነው) የሆነውን ብቻ ነው የሚተካው፣ ዜሮን ይተዋል። ስሙ ዶክዩመንቱ ውስጥ ከዲፎልት አጠገብ ነው ያለው። ማን ያነባል!

ስለ ምልክቶች ደግሞ። የአክስቴ ልጅ መግለጫዎቹን ሲጽፍ ትእምርተ ጥቅስ ከኪቦርዱ ስለሚቸግረው «ያንሳል» የሚለውን የሒሳብ ምልክት ሁለቴ፣ «ይበልጣል» የሚለውን ሁለቴ ይመታል። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምንጽፈው። ጃንጎ እነዚህን ምልክቶች በራሱ ወደ ጉዳት የለሽ መልክ ስለሚቀይራቸው ገጹ ላይ በደንብ ታዩ። እኔ ግን አንድ ቃል ደመቅ ይበል ብዬ ኤችቲኤምኤል መግለጫው ውስጥ ጻፍኩ፣ እሱንም እንዲሁ ቀይሮ እንደ ጽሑፍ አወጣው። ተናድጄ ሴፍ የሚባለውን ፊልተር ጨመርኩ። ሴፍ ማለት «ይህን አትንካ፣ አምነዋለሁ» ማለት ነው። ቃሉ ደመቀ። ግን ማሩ ላይ «ኤ ደረጃ» የሚለው ውስጥ በላቲን የተጻፈው ኤ ከነጥቅሱ ነበር፣ ብራውዘሩ ሊንክ መክፈቻ መሰለው፣ ፊደሏ ጠፍታ ሁለት ባዶ ምልክት ብቻ ቀረ። የአማርኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር፣ ብራውዘሩ ታግ የሚላቸው በላቲን ፊደል የሚጀምሩትን ነው። ፊደላችን ያዳነን ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ደግሞ ይህ ቀላሉ ነው። መግለጫውን የማታውቁት ሰው የሚሞላው ከሆነና ሴፍ ካላችሁት፣ ጃቫስክሪፕት (ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ኮድ) ጽፎ ደንበኞቻችሁ ላይ ማስኬድ ይችላል። ሴፍን አጥፍቼ ድምቀቱን ካርዱ ላይ ራሱ አደረግኩት።

አሁን የሚመጣው አማርኛ ላልጻፈ ሰው አይገባውም። ዕቃዎቹን በየዓይነታቸው ሰብስቤ በርዕስ ላወጣ ሪግሩፕ የሚባለውን ታግ ተጠቀምኩ። መጀመሪያ «ጌጥ» የሚል ርዕስ ሦስት ቦታ መጣ። ምክንያቱ ሪግሩፕ አይደረድርም፣ ተከታትለው የመጡትን ብቻ ነው የሚያሰባስበው፣ መደርደር የእናንተ ሥራ ነው። ቪው ላይ ደረደርኩ፣ ተስተካከለ። ግን አሁንም «የቤት ዕቃ» ሁለት ቦታ አለ። አየሁ፣ አየሁ፣ አልገባኝም። በኋላ ነው ያስተዋልኩት። አንዱ በዓይኑ «ዕ» ነው የተጻፈው፣ ሌላው በአሌፉ «እ»። እኔ «ዕቃ» ጽፌ፣ የአክስቴ ልጅ «እቃ» ጽፎ። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ይህ የጃንጎ ጥፋት አይደለም፣ ግን ማንም ፈረንጅ መምህር አይነግራችሁም። ዓይነቱን ሰው በእጁ እንዳይጽፈው ከዝርዝር እንዲመርጥ አደረግኩት። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ያለበትን ሁሉ እንደዚያ አድርጉ።

ስለገጽ አድራሻም ባጭሩ። ስለጊፋይ የሚባል ፊልተር ስምን ወደ አድራሻ ይቀይራል። አማርኛ ስትሰጡት ሁሉንም ፊደል ጥሎ ባዶ ይመልሳል። የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። ፓይተን ላይ ሌሎች ፊደላትንም እንዲቀበል የሚያደርግ አማራጭ አለ፣ ቴምፕሌቱ ላይ ግን የለም። እኔ የዕቃውን ቁጥር ተጠቅሜ ተገላገልኩ።

መግለጫ ማሳጠሪያው ትረንኬት ወርድስ ጥሩ ይሠራል። ቃል የሚቆጥረው በክፍት ቦታ ነው። አጎቴ የጻፋቸው መግለጫዎች ላይ ግን አልሠራም። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ በቃላት መሀል ክፍት ቦታ አያደርግም፣ ሁለት ነጥብ ነው የሚያደርገው፣ እንደ ድሮው። ጃንጎ ሙሉውን አንቀጽ አንድ ቃል ነው ብሎ አሰበ። ሊቆጣኝ ስለሚችል ሁለት ነጥቡን አልነካሁበትም፣ በቃል ፈንታ በፊደል የሚቆጥረውን ትረንኬት ቻርስን አደረግኩለት። ቁጥር ላይ ኮማ ማስገባት ደግሞ ቀላል ነው፣ ሂውማናይዝ የሚባለውን አፕ ሴቲንግ ላይ ጨምራችሁ ቴምፕሌቱ ላይ ሎድ ማድረግና ኢንትኮማ የሚለውን ፊልተር መጠቀም ብቻ። 12500 የነበረው 12,500 ይሆናል።

ቀኑ ግን አስለቀሰኝ። የጃንጎ ዴት ፊልተር የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። አንድ ካባ ተከራይቶ ሚያዝያ 20 ይመለሳል፣ ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ሠርግ በሠርግ ነው። ዳታቤዙ ላይ አፕሪል 28 ተብሎ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ አጭር ይሁን ብዬ ቀንና ወር በቁጥር፣ 28/4፣ እንዲወጣ አደረግኩ። አንዲት እናት ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ ካባው እስከ ታኅሣሥ 28 የለም ማለት ነው?» አሉኝ። አራተኛ ወር እኮ ለእኛ ታኅሣሥ ነው! ልጃቸውን በገና ሰሞን ሊድሩ አላሰቡም፣ ሠርጉ በቀጣዩ ሳምንት ነው። ይቅርታ ጠይቄ ያን ምሽት የራሴን ፊልተር ጻፍኩ። አስቸጋሪ አይደለም። አፑ ውስጥ ቴምፕሌትታግስ የሚባል ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ባዶ የኢኒት ፋይል ታስገባላችሁ፣ ከዚያ ቀኑን ተቀብሎ የኢትዮጵያን ቀን የሚመልስ ፈንክሽን። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ እንደሚውል ካወቃችሁ ቀሪው ቀን መቁጠር ነው፣ ጳጉሜን አትርሱ እንጂ። ከጻፋችሁ በኋላ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብሩት። እኔ ሳላጠፋ «አልተመዘገበም» እያለኝ ግማሽ ሰዓት ከራሴ ጋር ተጣላሁ። አሁን ገጹ «ሚያዝያ 20 ይመለሳል» ይላል፣ በቃል። ቁጥር ብቻ አላወጣም፣ አልደግመውም።

ጂንጃንም ሞክሬአለሁ። አርሚን ሮናከር የሠራው ሌላ የቴምፕሌት ቋንቋ ነው፣ ፍላስክን (ሌላውን የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የሚጠቀሙ ሰዎች ያውቁታል፣ ጃንጎም ከ1.8 ጀምሮ ይቀበለዋል። ስሙ በጃፓንኛ መቅደስ ማለት ነው። አጻጻፉ ተመሳሳይ ነው፣ ግን እጁ ሰፊ ነው። ማባዛት ይችላል፣ ፈንክሽን ከነግብአቱ ይጠራል፣ ዲክሽነሪውን በቫሪያብል ቁልፍ ይከፍታል። አንድ ሳምንት ተደሰትኩበት። በሳምንቱ መጨረሻ ቴምፕሌቴን ሳየው ቅናሽ የሚያሰላ፣ ታክስ የሚደምር፣ ቀን የሚቆጥር ሆኗል። ምድጃው ተመልሶ ሳሎን ገባ። ልምድ ላለው ሰው ጂንጃ ይሻል ይሆናል፣ ለእኔ ቢጤ ግን የሚከለክል መሣሪያ ይሻላል። ወደ ጃንጎው ተመለስኩ።

ዶክዩመንቱ ግን ሊመሰገን ይገባል። ሙሉውን በፒዲኤፍ ወይም በኤችቲኤምኤል አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ። ሰርቨሩም ላፕቶፓችሁ ላይ ያለ ምንም ኔትወርክ ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት፣ ዳታ ፓኬጅ በሚያልቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ግን ጃንጎ አላስጨነቀውም። አንድ ምክር ብቻ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ታክሲ ውስጥ አታንብቡት። ሐረጎ ላይ ስለ ሪግሩፕ እያነበብኩ የሆነብኝን አልነግራችሁም።

ዋጋው ነጻ ነው። ፈቃዱ ቢኤስዲ ነው፣ ለንግድም ብትጠቀሙበት ማንም አይጠይቃችሁም።

ታዲያ ስንት ልስጠው? ከ5 አራት። አንዷን የወሰድኩት ለዝምታው ነው፣ ስም ስሳሳት ጮክ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ አምስት እሰጠው ነበር። አምስት ዕቃ ብቻ ያላችሁ ሰዎች ግን ጃንጎ ውስጥ አትግቡ፣ በእጃችሁ ኤችቲኤምኤል ጻፉ፣ በአንድ ማታ ታልቃለች። ዳታችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነም ማሠልጠኛው ያስተማራችሁ ሰንጠረዥ ይበቃችኋል። እንደ አክስቴ ሱቅ ሁሉ ነገር ካለበት ነው ጥቅሙ የሚታየው፣ እሱም ቢሆን ኢንክሉዱን ከያዛችሁና ስሌቱን ቪው ላይ ከተዋችሁ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጥ ጓደኛው እንዲህ ያለ ገጽ ሥሪለት ብሎኛል። ጎማ በጥንድ፣ ዘይት በሊትር፣ ፍሬን ሸራ በስብስብ፣ አሮጌ ባትሪ ደግሞ ይለወጣል። አንድ ካርድ አንድ ካርድ እየሠራሁ ነው።

ትናንት ማታ ስልኬን ለአክስቴ ሰጠኋት፣ እስኪ አሁን እይው ብዬ። ወደ ታች ገፋችው። ቆም አለች። «አብሽሪ፣ አሁን በኪሎ ሆኗል» አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ መነጽሯን ከፍ አደረገች።

«ግን ማሩ ላይ ያለው ፎቶ ለምን ጀበና ሆነ?»